ዳግም ሥሪት፦ ሁለት ዓመት የተመታበት ሽጉጥ

ሉገር የሚባለውን አሮጌ የጀርመን ጦር ሽጉጥ ከላይ ብታዩት፣ ጥይት በሚጎርስበት ክፍል ጀርባ ላይ ዓመት ተመትቶበት ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ላይ ግን ዓመቱ ሁለት ነው፤ 1917 እና ከበላዩ 1920 (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)። ጀማሪ ሰብሳቢ 1920ን የተሠራበት ዘመን አድርጎ ይወስደዋል። ሽጉጡ ግን ያኔ ጦርነት ውሎ የተመለሰ ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል የጀርመንን ጦር ወደ 100,000 ሰው አወረደው። አገሩ ግን ከግንባር በተመለሱ ወታደሮች እጅ በቀረ መሣሪያ ተሞልቶ ነበር። መንግሥት የራሱን ከሌላው ለመለየት በመሣሪያዎቹ ላይ 1920 አስመታ፤ ከብት ላይ እንደሚተኮስ የባለቤት ምልክት መሆኑ ነው። አዲስ መሥራት በውሉ ስለተገደበም አሮጌው ወደ ጦር ግምጃ ቤትና ወደ ፋብሪካ ተመልሶ አፈሙዙ ተለወጠ፣ ክፍሎቹ ተተኩ፣ ቀለሙ ታደሰ።

ይህን ፈረንጆቹ ሰብሳቢዎች «ሪወርክ» ይሉታል። በአማርኛ «ጥገና» ብንለው ያንሰዋል። «እድሳት» ደግሞ ሻጭ ዋጋ ለማውጣት የሚያደርገውን ማሳመርም ይጠቀልላል፤ ለሰብሳቢ ደግሞ ከዚህ የከፋ መደባለቅ የለም። እኔ «ዳግም ሥሪት» እላለሁ፦ ጦሩ ወይም ፖሊሱ ራሱ፣ መልሶ ሊታጠቀው ብሎ ያሠራው። የግለሰቡ ማሳመር «እድሳት» ይባል።

ሁለቱን የሚለየው ዓይን ነው። (አስቀድሞ ካዝናውን አውጥቶ፣ ጥይት የሚጎርስበት ክፍልም ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ፤ መቶ ዓመት የሞላው ሽጉጥም ይገድላል።) ቁጥሩን ተመልከቱ። የጦሩ ሉገር ትናንሽ ክፍሎቹ ላይ የመለያ ቁጥሩ የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ይመታሉ። በግምጃ ቤት የተተካ ክፍል ብዙ ጊዜ የቀድሞ ቁጥሩ በመስመር ተሰርዞ አዲሱ ከጎኑ ይመታል። ይህ ሥርዝ ጀማሪን ያስደነግጣል፤ እኔን ግን ደስ ይለኛል፣ አታላይ አሮጌውን ቁጥር ፍቆ ያጠፋል እንጂ ሰርዞ አይተወውም።

ቀለሙም ይመሰክራል። በአንደኛው ጦርነት ዘመን የሽጉጡ አካል ጥቁር ሰማያዊ ሲሆን ምላጩንና የጥበቃ ማንሻውን የመሰሉ ክፍሎች በእሳት ሙቀት የገለባ መልክ ይዘው ነበር። ሉገር ይሠራ የነበረው ማውዘር ፋብሪካ እነዚህንም በሙቅ ጨው ማጥቆር የጀመረው በ1937 ገደማ ነው። ስለዚህ 1917 ተመትቶበት ከአፈሙዝ እስከ ምላጭ አንድ ወጥ ጥቁር የሆነ ሉገር ካገኛችሁ፣ ያ ቀለም የ1920ዎቹ ሥራ አይደለም። ማኅተሞቹ ጠርዛቸው ሟሙቶ፣ ብረቱ እንደ ሳሙና ለስልሶ ከሆነ ደግሞ በሚሽከረከር መወልወያ የተወለወለ ነው፤ ይህ ያለ ግምጃ ቤት ምልክት ከመጣ እድሳት መሆኑን ጠርጥሩ።

ሉገር ብቻም አይደለም። ማውዘር 96 የሚባለው፣ ካዝናው ከምላጩ ፊት ያለው ረጅሙ ሽጉጥ፣ ከጦርነቱ በኋላ ከተጣለው የአፈሙዝ ርዝመት ልክ እንዳያልፍ ወደ 99 ሚሊሜትር ተቆርጦ ለአገልግሎት ተመልሷል። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ደግሞ ምሥራቅ ጀርመን የተረፉትን ሉገሮች ለሕዝብ ፖሊሱ አሠራች፤ እነዚህ ክብ በክብ ምልክት ባለው ጥቁር የፕላስቲክ እጀታቸው ከሩቅ ይታወቃሉ።

እንዲህ ያለው ሽጉጥ ከፋብሪካ እንደወጣ ከተቀመጠው በዋጋ ያንሳል፤ ገበያው ንጹሑን ይወዳል። ብቻ መግለጫ ካርዱ ላይ «በ1917 የተሠራ፣ በ1920 ማኅተም ዳግም ሥሪት፣ ምላጩ የተተካ» ተብሎ ከተጻፈ ገዢው የሚከፍልበትን ያውቃል።