የአዘቦት ቀን ሥዕል፦ ከኤዶ ጎዳና እስከ ሰቆጣ ገበያ

አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ በቀርከሃ ቱቦ እሳት እፍ ትላለች። አጠገቧ ያለችው እንፋሎቱን ሽሽት ፊቷን አዙራለች። ሌላዋ አትክልት ትልጣለች። ጃፓናዊው ሠዓሊ ኪታጋዋ ኡታማሮ ይህን የማዕድ ቤት ሥዕል በ1790ዎቹ አጋማሽ ለገበያ ሲያወጣ (ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ንጉሥም፣ ጦረኛም፣ ቅዱስም አልጨመረበትም። የሥዕሉ ጉዳይ ጭሱና የቤት ሥራው ነው። የዋግ ኽምራ ከተማ በሆነችው ሰቆጣ ውስጥ ጉልቻ ሥር ተንበርክካ ያደረች እናት ብታየው አስተርጓሚ አያስፈልጋትም።

«ኡኪዮ-ኤ» የሚባሉት እነዚህ የእንጨት ኅትመቶች የከተማ ልጆች ናቸው። ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ በ18ኛው ምዕተ ዓመት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። ሥዕሉም የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። አሳታሚው ገንዘቡን ያወጣል፤ ሠዓሊው ይነድፋል፤ ጠራቢው ንድፉን በቼሪ እንጨት ላይ ለጥፎ መስመሩ ብቻ ጎልቶ እስኪቀር ይፈለፍላል፤ አታሚው እንጨቱን ቀለም ቀብቶ፣ ከዛፍ ልጥ የተሠራ ወረቀት አልብሶ፣ በእጁ ደጋግሞ ያሸዋል። ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላ እንጨት ይቀረጻል። ሱዙኪ ሃሩኖቡ በ1765 ብዙ ቀለም ያላቸውን ኅትመቶች ካስለመደ በኋላ የኤዶ ሰው ሥዕል የሚገዛው ለአንድ ሳህን ኑድል ከሚከፍለው ብዙም በማይበልጥ ዋጋ ነበር። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሥዕሉን የሚገዛው አናጢው፣ ነጋዴውና የሱቅ ሠራተኛው ስለነበር፣ ሥዕሉም የእነርሱን ጎዳና፣ የእነርሱን ቴአትርና የእነርሱን ማዕድ ቤት መምሰል ነበረበት።

ሆኩሳይ በ1830ዎቹ መጀመሪያ የፉጂን ተራራ ሲሥል ትልቁን ተራራ ከሠራተኛ ጀርባ ያስቀምጠዋል። በአንዱ ሥዕል በርሜል ሠሪው ታችና ላዩ ክፍት በሆነ ግዙፍ በርሜል ውስጥ ገብቶ እንጨቱን ይልጋል፤ ፉጂ በበርሜሉ ክብ ውስጥ እንደ ትንሽ ጎጆ ጣሪያ ብቅ ይላል። ሂሮሺጌ ደግሞ ከኤዶ ወደ ኪዮቶ የሚወስደውን የቶካይዶን መንገድ ይዞ በ1833 እና በ1834 ገደማ 55 ሥዕሎች አወጣ። መነሻውና መድረሻው ሲጨመሩ ማለት ነው፤ በመካከል ያሉት ማረፊያዎች 53 ናቸው። በሾኖ ድንገተኛ ዝናብ ተሸካሚዎቹን ዳገት ላይ ይይዛቸዋል፤ አንዱ ሽቅብ ይሮጣል፣ ሌላው ቁልቁል። በፉጂኤዳ ማረፊያ ጭነት ከአንዱ ፈረስ ወርዶ በሌላው ላይ ይጫናል፣ የደከመው ሰው ላቡን ይጠርጋል።

የዋግ ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል። በዚያው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሰቆጣ ከታላላቆቹ የሰሜን የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከአፋር ቆላ ተቆርጦ የመጣው አሞሌ ጨው፣ እንደ ሸቀጥም እንደ ገንዘብም እያገለገለ፣ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ደጋውን ይወጣ ነበር። የሲራራው ነጋዴ ማደሪያ ነበረው፣ ቀረጥ የሚከፍልበት በር ነበረው፣ ዝናብና ሽፍታ የሚፈራበት ዳገት ነበረው። ሂሮሺጌ ግን አልነበረውም።

1868 ሁለቱን አገሮች በአንድ ዓመት አናወጠ። በጃፓን የቶኩጋዋ መሳፍንት አገዛዝ ወድቆ የሜጂ ዘመን ተጀመረ። በኢትዮጵያ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሞቱ፤ የዋጉ ገዥ ዋግሹም ጎበዜም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፣ በ1871 ዐድዋ ላይ በተቀናቃኛቸው በበዝብዝ ካሣ እስኪሸነፉ ድረስ። ከእንግሊዝ ጦር ዘመቻ ጋር ደግሞ የለንደኑ ሥዕላዊ ጋዜጣ ሠዓሊ ዊልያም ሲምፕሰን አብሮ መጥቶ ነበር። ንድፎቹ ለንደን ደርሰው በእንጨት ላይ ተቀርጸው ታተሙ። እንግዲህ አገራችንም በእንጨት ኅትመት ተሥላለች፤ ሥዕሉ ግን የዘማች ጦር ዘጋቢ ያየው፣ ባዕድ አንባቢ የገዛው ነው። የኤዶውና የለንደኑ ኅትመት የሚለያዩት በቴክኒክ ብቻ አይደለም፤ ማን ለማን ሣለው የሚለው ይበልጣል።

የአገራችን ሠዓሊ ታዲያ የአዘቦቱን ቀን አላየም ማለት አይቻልም። በጎንደር ዘመን የተሣሉትን የተአምረ ማርያም መጻሕፍት የገለጠ ሰው የዘመኑን ልብስና የዘመኑን ዕቃ ያገኛል፤ በላዔ ሰብእ ለተጠማው ድኻ ውሃ ሲሰጥ የምናየው ሰውና ቅል ሠዓሊው ሰፈር የነበሩ ናቸው። ነገር ግን ብራና አንድ ቅጂ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳም እንዲሁ። የሚያሠራው መኳንንት ወይም ገዳም ነው፤ የሚከፍለውም ለቅዱሱ ምስል ነው። ስለዚህ ገበሬውና ባልቴቷ ከጠርዝ አልፈው ወደ መካከል አልመጡም።

ወደ መካከል የመጡት በአዲስ አበባ ነው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከተማዋ ሌጋሲዮኖችና የውጭ ነጋዴዎች ሲሞሉባት፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያደጉ እጆች በሸራ ላይ የሚሸጥ ሥዕል ጀመሩ። ከእነርሱ አንዱ በላቸው ይመር ነበር። የዐድዋ ጦርነትና የንግሥተ ሳባ ታሪክ ዋነኞቹ ነበሩ፤ ከጎናቸው ግን እርሻው፣ አጨዳው፣ ገበያው፣ ግብሩና ችሎቱ ቦታ አገኙ። ሥዕሉን የሚገዛው ሰው ሲለወጥ ርዕሱም ተለወጠ፣ ልክ እንደ ኤዶ። እነዚህን የሕዝብ ሥዕሎች በሙኒክ ሙዚየም ሆኖ ሲሰበስብና ሲያጠና የኖረው ኢትዮጵያዊው ግርማ ፍስሐ ነው፤ ከዋልተር ራውኒግ ጋር ያዘጋጀው መጽሐፍ በ1985 ታትሟል። በሸራዎቹ ላይ የሞፈሩ አጣጣልና የሴቶቹ ሹሩባ ሳይቀር ይነበባል፤ የታሪክ ተማሪ እንደ ሰነድ ሊይዛቸው የሚገባ ናቸው።

እንጨት የመቅረጽ ትምህርት በዚያው በአዲስ አበባ ጥቂት ቆይቶ መጣ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ በብራዚል የኖረው ጀርመናዊ ቀራጭ ሃንሰን ባሂያ ከ1963 እስከ 1966 የእንጨት ኅትመት አስተማረ። ከእርሱ ከተማሩት መካከል ዘሪሁን የትምጌታ ይገኝበታል፤ ኋላ በቀርከሃ ላይ በሠራው ሥራ የታወቀው፣ በ1992 በዳካር ቢየናሌ የተሸለመው።

ዋግ ኽምራ በዓለም ዓይን ያላት መልክ ግን ከዚህ ሁሉ የራቀ ነው። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. የፊልም ዘጋቢው መሐመድ አሚን ኮረም በነበረው የረኃብ መጠለያ የቀረጸው ፊልም ዓለምን ሲያስለቅስ፣ መጠለያው ውስጥ ከዋግ በእግራቸው የደረሱ ቤተሰቦች ነበሩ። ፊልሙ ሕይወት አድኗል፤ ክብር ይገባዋል። ከዚያ ሌላ የሚታወቀው በሰቆጣ አቅራቢያ ከዓለት የተፈለፈለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንና እዚያ ያሉት፣ የዋግሹሞች ናቸው የሚባሉት የደረቁ አስከሬኖች ናቸው። ረኃብና ሬሳ! ኽምጣንጋ እያወራ በሬውን የሚጠምደው ሰው፣ የአበርገሌን ፍየል የሚያግደው ልጅ፣ በነሐሴ ቄጤማ መሳዩን ሣር ወገቧ ላይ አስራ ሻደይ የምትጨፍረው ልጃገረድ ሥዕል ይገባቸዋል። ለእንግዳ ከመታየቱ በፊት የሰቆጣ ሰው ራሱ ገዝቶ ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ሥዕል።

አንዳንዱ ርዕስ ደግሞ አዲስ ነው። የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በአበርገሌና በዝቋላ ወረዳዎች ዓሣ ማስገር የዕለት እንጀራ ሆኗል። አባቶቻቸው ፍየል ያገዱ ወጣቶች መረብ ይጥላሉ፣ ጀልባ ይቀዝፋሉ። ይህን ሥራ ከጎንደር ብራናም ሆነ ከአዲስ አበባ ሸራ መገልበጥ አይቻልም፤ የሚሥለው ሰው ሐይቁ ዳር ወርዶ ማየት አለበት።