ዶም ፔሪኞን፦ የመነኩሴውን ስም የተሸከመው ሻምፓኝና የወይን ጠመቃ ቅርሱ

በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ ከማርን ወንዝ በላይ በሚገኝ ኮረብታ ላይ ኦቪሌ የተባለች አነስተኛ መንደር ትገኛለች። በመንደሯ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1715 ያረፉ የአንድ መነኩሴ መቃብር ይገኛል። መነኩሴው ዶም ፒየር ፔሪኞን ይባላሉ። ስማቸው ዛሬ በዓለም ገበያ ከታወቁት ውድ የወይን ጠጆች በአንዱ ጠርሙስ ላይ ታትሞ ይገኛል። ይሁንና ስማቸውን ያገነነውን አረፋማ ወይን እርሳቸው እንዳልፈጠሩት የታሪክ አጥኚዎች ያስረዳሉ።

ዶም ፔሪኞን ሻምፓኝ ሞዌት ኤ ሻንዶን በተባለው የፈረንሳይ የወይን ጠጅ አምራች ቤት የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ከሌሎች የሻምፓኝ ዓይነቶች የሚለየው ምንጊዜም በአንድ ዓመት ከተለቀመ የወይን ፍሬ ብቻ የሚጠመቅ በመሆኑ ነው። በአካባቢው የሚመረተው አብዛኛው ሻምፓኝ የተለያዩ ዓመታት ምርት ተቀላቅሎ የሚዘጋጅ በመሆኑ ጠርሙሱ ላይ ዓመተ ምሕረት አይጻፍበትም። ዶም ፔሪኞን ግን የለቀማው ዓመት ተጽፎበት የሚቀርብ ሲሆን፣ ምርቱ የሚፈለገውን ጥራት ባላሟላበት ዓመት ጨርሶ አይዘጋጅም።

የገዳሙ መጋቢ

ፒየር ፔሪኞን የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1638 ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛም የተወለዱት በዚሁ ዓመት ሲሆን፣ ንጉሡና መነኩሴው ያረፉትም በአንድ ዓመት ነው። ፔሪኞን የቤኔዲክት ሥርዓተ ምንኩስናን ተቀብለው እ.ኤ.አ. በ1668 በኦቪሌ በሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ገዳም መጋቢ ሆነው ተሾሙ። የገዳሙን ንብረት፣ ጎተራና የወይን ማከማቻ የመቆጣጠር ኃላፊነት የተሰጣቸው ሲሆን፣ በዚህ ሥራ ላይ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ 47 ዓመታት አገልግለዋል።

መጋቢው የወይን ተክሉ በአግባቡ እንዲገረዝና ምርቱ ከመጠን በላይ እንዳይበዛ በማድረግ፣ ለቀማው በጠዋት ቅዝቃዜ እንዲካሄድ በማዘዝ፣ ከጥቁር የወይን ፍሬም ንጹሕ ነጭ ወይን በመጭመቅ ይታወቃሉ። ከሁሉም በላይ የሚጠቀሰው ሥራቸው ግን ከተለያዩ ማሳዎች የመጣውን ፍሬ ከመጨመቁ በፊት በመምረጥና በማዋሐድ አንዱ የጎደለውን ሌላው እንዲሞላው ማድረጋቸው ነው። ይህ የማዋሐድ ጥበብ እስከ ዛሬ የሻምፓኝ ጠመቃ መሠረት ሆኖ ይገኛል።

ስለ አረፋው የሚነገረው ታሪክ

በመነኩሴው ዘመን በወይን ውስጥ የሚታየው አረፋ የጥራት ምልክት ሳይሆን እንደ ጉድለት የሚቆጠር ነበር። የሻምፓኝ አካባቢ ቀዝቃዛ በመሆኑ ክረምቱ ሲገባ የወይኑ መፍላት ይቋረጥና ጸደይ ሲመጣ እንደገና ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ወይኑ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ከሆነ የሚፈጠረው ጋዝ መውጫ ስለሚያጣ ጠርሙሱን ይሰብረዋል። ፔሪኞንም ይህን አረፋ ለማስቀረት እንጂ ለመፍጠር እንዳልሠሩ የታሪክ አጥኚዎች ይገልጻሉ።

አረፋው ተፈላጊ መሆን የጀመረው በእንግሊዝ ሀገር እንደሆነ ይነገራል። እንግሊዛውያን በድንጋይ ከሰል ምድጃ የሚሠሩት ጠርሙስ ከፈረንሳዩ የጠነከረ ስለነበር ግፊቱን መቋቋም ችሏል። ክሪስቶፈር ሜሬት የተባሉ እንግሊዛዊ ሊቅም ወይን አረፋ እንዲኖረው ስኳር እንደሚጨመርበት የሚገልጽ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1662 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አቅርበዋል። ይህ የሆነው ፔሪኞን በኦቪሌ ከመሾማቸው ከስድስት ዓመት በፊት ነው።

መነኩሴው የሻምፓኝ ፈጣሪ ናቸው የሚለው ትረካ የተስፋፋው ካረፉ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። የፈረንሳይ አብዮት ገዳሙን ከበተነው በኋላ በሕይወት የነበሩት የቀድሞ የገዳሙ አገልጋይ ዶም ግሮሳር እ.ኤ.አ. በ1821 በጻፉት ደብዳቤ ምስጋናውን ሁሉ ለፔሪኞን ሰጡ። መነኩሴው አረፋውን ቀምሰው ከዋክብትን እንደጠጡ ተናገሩ የሚለው ዝነኛ አባባልም በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የወጣ ማስታወቂያ ያስፋፋው ነው።

ከገዳም ወደ ንግድ ቤት

እ.ኤ.አ. በ1728 ንጉሥ ሉዊ 15ኛ የሻምፓኝ ወይን በጠርሙስ እንዲጓጓዝ የሚፈቅድ አዋጅ አወጡ። ከዚያ በፊት ወይን የሚጓጓዘው በበርሜል ብቻ ስለነበር አረፋው በመንገድ ላይ ይጠፋ ነበር። አዋጁ በወጣ በዓመቱ ሩዊናር የተባለው የሻምፓኝ ንግድ ቤት ሲቋቋም፣ ክሎድ ሞዌት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1743 በኤፐርኔ ከተማ የራሳቸውን ቤት መሠረቱ። የኦቪሌ ገዳም ሕንፃና የወይን ማሳም ከአብዮቱ በኋላ ወደዚሁ ቤተሰብ ይዞታ ገባ።

የዶም ፔሪኞን ስም በንግድ ምልክትነት አስቀድሞ በሜርሲዬ ቤት እጅ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1927 በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል በተፈጸመ ጋብቻ ምክንያት ወደ ሞዌት ተላለፈ። በዚህ ስም የቀረበው የመጀመሪያው ወይን እ.ኤ.አ. የ1921 ምርት ሲሆን፣ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። የዓለም ኢኮኖሚ በተዳከመበት በዚያ ወቅት የ15 ዓመት ዕድሜ ያለው ወይን የ18ኛው መቶ ዘመን ቅርጽ ባለው ጠርሙስና ጋሻ በሚመስል ምልክት ተሸጠ። የመጀመሪያዎቹ ምርቶች ከሞዌት መደበኛ ወይን ወደ ልዩው ጠርሙስ የተገለበጡ ነበሩ። ከ1947 ምርት ጀምሮ ግን ዶም ፔሪኞን ራሱን ችሎ ሲጠመቅ ቆይቷል።

የአዘገጃጀቱ ሂደት

ወይኑ የሚዘጋጀው ፒኖ ኗር ከተባለው ጥቁርና ሻርዶኔ ከተባለው ነጭ የወይን ፍሬ ሲሆን፣ የሁለቱ ድርሻ በአብዛኛው ተቀራራቢ ነው። ፍሬው አይ፣ ቡዚ፣ ቬርዝኔና ክራማንን ከመሳሰሉ ከፍተኛ ደረጃ ካላቸው መንደሮች የሚሰበሰብ ሲሆን፣ ከጥንቱ የገዳም ማሳ ከኦቪሌም ይጨመርበታል። የአካባቢው አፈር ጠመኔ መሰል በመሆኑ ውኃ ይዞ ለተክሉ ቀስ በቀስ ይለቅቃል።

በሻምፓኝ ሕግ መሠረት ለቀማው በእጅ ብቻ የሚከናወን ሲሆን፣ ከ4 ሺህ ኪሎ ግራም ፍሬ ከ2 ሺህ 550 ሊትር በላይ ጭማቂ ማውጣት አይፈቀድም። ጭማቂው አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ ከየማሳው የመጣው ወይን ይዋሐዳል፤ ከዚያም ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት በጠርሙስ ይታሸጋል። በጠርሙሱ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ሲፈላ የሚፈጠረው ጋዝ ስድስት አትሞስፌር የሚደርስ ግፊት አለው። ይህም ከመኪና ጎማ ግፊት ሁለት እጥፍ ይበልጣል።

መፍላቱ ሲያበቃ ወይኑ በቀዝቃዛ የምድር ውስጥ ጓዳ ከእርሾው አተላ ጋር እንዲቆይ ይደረጋል። ዓመተ ምሕረት የሚጻፍበት ማንኛውም ሻምፓኝ ቢያንስ ሦስት ዓመት እንዲቆይ ሕጉ ሲያስገድድ፣ ዶም ፔሪኞን ግን ስምንት ዓመት ገደማ ይቆያል። ከዚያም ጠርሙሱ ቀስ በቀስ እየዞረና እየተዘቀዘቀ አተላው አንገቱ ላይ እንዲጠራቀም ይደረጋል፤ አንገቱ ቀዝቅዞ አተላው ከወጣ በኋላም በቡሽ ይከደናል። ከምርቱ የተወሰነው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲቆይ ተደርጎ በኋላ የሚቀርብበት አሠራርም አለ።

በነገሥታት ማዕድ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1971 የኢራኑ ሻህ የፋርስን ንጉሣዊ መንግሥት 2 ሺህ 500ኛ ዓመት በፐርሴፖሊስ ጥንታዊ ፍርስራሽ አጠገብ ሲያከብሩ፣ ለእንግዶቹ ከቀረቡት መጠጦች አንዱ እ.ኤ.አ. የ1959 ምርት የሆነው ሮዝማ ቀለም ያለው ዶም ፔሪኞን ነበር። ይህ ምርት በሮዝ ዓይነት የተጠመቀ የመጀመሪያው ዶም ፔሪኞን ነው። በዚያ በዓል ላይ ከተገኙት የሀገር መሪዎች መካከል የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይገኙበታል። በዓሉ ከተከበረ ከስምንት ዓመታት በኋላ የሻህ መንግሥት ሲወድቅ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ፈርሷል። እ.ኤ.አ. በ1981 በልዑል ቻርልስና በዳያና ጋብቻ ላይም የ1961 ምርት ቀርቧል።

ስሙን የማስጠበቅ ትግል

ሻምፓኝ የሚለው ስም የአካባቢው ሕዝብ ዋነኛ ሀብት በመሆኑ ብርቱ ትግል አስከትሏል። እ.ኤ.አ. በ1911 አንዳንድ ነጋዴዎች ከሌላ አካባቢ ርካሽ ወይን እያስመጡ በሻምፓኝ ስም መሸጣቸው ያስቆጣቸው ወይን አብቃዮች አመፅ በማንሳት፣ በአይ ከተማ መጋዘኖችን ሰባብረዋል፤ አቃጥለዋልም። መንግሥት ሁከቱን ለማብረድ ወታደር አሰማርቷል። የአካባቢው ወሰን በሕግ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1927 ሲሆን፣ ስሙ ከአካባቢው ውጪ ለሚመረት ወይን እንዳይውል የሚከለክለው ጥበቃ በ1936 ተሰጠ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 የሻምፓኝን ኮረብታዎች፣ የንግድ ቤቶችና የምድር ውስጥ ጓዳዎች በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የኦቪሌ ማሳዎች ተካተዋል።

ዛሬ ዋነኛው ፈተና የአየር ንብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በጸደይ የወረደው ውርጭ ምርቱን ሲቀንስ፣ በበጋው የተከሰተው ብርቱ ሙቀት ለቀማው በነሐሴ ወር እንዲጀመር አስገድዷል። ብዙ ቤቶች ከዚያ ዓመት ምርት የተለየ ወይን ሳያዘጋጁ ሲቀሩ፣ ዶም ፔሪኞን ግን አዘጋጅቷል። ይህን የወሰኑት እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2018 የጓዳው ኃላፊ የነበሩት ሪሻር ጆፍሯ ሲሆኑ፣ ከ2019 ጀምሮ ኃላፊነቱን ቨንሳን ሻፐሮን ተረክበዋል። ከዚያ ወዲህ በነሐሴ ወር የተጀመሩ ለቀማዎች ተደጋግመዋል።

ለቀማው በተጠናቀቀ ቁጥር ኃላፊው ከየማሳው የመጣውን ወይን ቀምሰው የዓመቱ ምርት ስሙን ለመሸከም ብቁ መሆኑን ይወስናሉ። ውሳኔያቸው ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ጠርሙሱ ከስምንት ዓመት በኋላ ሲከፈት ነው። ዶም ፒየር ፔሪኞን አረፋውን ባይፈጥሩም፣ ከየማሳው የመጣውን እየመረጡ ማዋሐድና ያልደረሰውን አለማቅረብ የሚለው የመጋቢው አሠራር ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ጸንቶ ቆይቷል።