ሰም፣ ወርቅና ግድብ፦ በጆሮ ልክ የተሠራ ኤርፎን ከየት መጣ?

ባለፈው ሳምንት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ጉባ ነው የሚሠራው፣ ህዳሴ ግድባችን ላይ፣ ከማሽን ጋር ነው ውሎው። «ቲቸር፣ የኤርፎን ጫፍ በራስ ጆሮ ቅርጽ ያሠራሉ አሉ፤ እውነት ድምፁ ይለያል? ወይስ ብር መጨረሻ ነው?» የታሪክ አስተማሪ ምን አገባው እንዳትሉ። እኔ ጥያቄ ሲመጣልኝ «መቼ ተጀመረ?» ብዬ ነው የምነሳው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ታሪኩን ያወቀ ሰው የድምፁን ነገር ግማሹን አወቀ ማለት ነው። ስለዚህ ለእሱ ያልኩትን ዘርዘር አድርጌ ለሁላችሁም ልጻፈው። የውጭውን ዓመት በፈረንጅ፣ የግድቡን በእኛ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፣ እንዳትምታቱ።

ኤርፎን ስትገዙ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ የሆኑ ሦስት ዓይነት ጎማዎች አብረው ይመጣሉ። የሰው ጆሮ ግን ሦስት ዓይነት አይደለም። የጆሮ ቀዳዳ 2.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ርዝመት ያላት፣ እንደ እባብ ጠመም ጠመም የምትል መንገድ ናት። የአንዱ ሰው ሰፊ፣ የሌላው ጠባብ ነው፤ የአንድ ሰው ግራና ቀኝ እንኳ አይመሳሰሉም። አንዱ ወገን እየተንሸራተተ የሚወድቅባችሁ ለዚህ ነው እንጂ ኤርፎኑ ተበላሽቶ አይደለም።

ሰው ጆሮውን በልኩ መድፈን የጀመረው በሰም ነው። ሆሜር በኦዲሴ ላይ መርከበኞቹ የሴይረኖቹን ዜማ እንዳይሰሙ ጆሯቸው በንብ ሰም ሲደፈን ይተርካል። ተረት ነው፣ ግን ዘዴው እውነተኛ ነው፤ ሰም በእጅ ሙቀት ይለሰልስና የገባበትን ቀዳዳ ቅርጽ ይይዛል። በ1907 በርሊን ውስጥ ማክስ ኔግቨር የሚባል የመድኃኒት ባለሙያ ይህንኑ ሐሳብ ይዞ ሰምና ጥጥ ቀላቅሎ «ኦሮፓክስ» የተባለውን የጆሮ መድፈኛ ሠራ። ስሙ ከጀርመንኛው «ጆሮ»ና ከላቲኑ «ሰላም» የተገጠመ ነው። ብዙም ሳይቆይ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና የመድፍ ጩኸት ገበያውን አሰፋለት።

የሰም ችግሩ ይቀልጣል፣ ይቆሽሻል። ቅርጹን ከሰም ላይ ወስዶ ለማይቀልጥ ነገር መስጠት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የአማርኛ አስተማሪ ጓደኞቼ ፈገግ በሉ፤ ይህ እኮ ሰምና ወርቅ ነው! ቅኔው ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛው ሥራ ነው፦ አንጥረኛ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ባዶ በቀረው ቦታ ወርቅ ይፈሳል። (ወርቅማ ለዚህ አካባቢ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የግብፁ መሐመድ አሊ በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ካጓጉት ነገሮች አንዱ የፋዞግሊና የቤኒሻንጉል ወርቅ ነበር። ሩሲያዊው የማዕድን መሐንዲስ ኮቫሌቭስኪም በ1847 እና 1848 ወደዚህ የመጣው ወርቅ ፍለጋ ነው። እሱን ሌላ ቀን እጽፋለሁ።)

የጆሮ ቅርጽ የሚወሰደውም በዚሁ መንገድ ነው። መጀመሪያ ባለሙያው ጆሮህን በመብራት ያያል፤ ኩክ ካለ ይጸዳል። ቀጥሎ ክር የታሰረባት ትንሽ ጥጥ ወይም ስፖንጅ ወደ ውስጥ ያስገባል። የምታፈሰው ነገር እስከ ታምቡር እንዳይደርስ መንገዱን የምትዘጋው እሷ ናት፤ በሙያው ቋንቋ ምን እንደምትባል ታውቃላችሁ? «ግድብ»! በጣት ጫፍ ላይ የምትቆም ግድብ። ከዚያ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለው የሚጠነክሩበት ለስላሳ ሲሊኮን በመርፌ አልባ ስሪንጅ ይሞላል፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፣ ክሯን ይዘህ ስትስብ የጆሮህ መንገድ ከነጠመዝማዛው በእጅህ ላይ ይቀመጣል። ያ ሰሙ ነው። እሱ በሌላ ነገር ተሸፍኖ ቅርጹ ይያዛል፣ ከውስጡ ይወጣል፣ በቦታው አክሪሊክ ወይም ሲሊኮን ይፈሳል። ያ ወርቁ ነው። ዛሬ ብዙ ቦታ የመጀመሪያውን ቅርጽ በስካነር አንስተው በኮምፒውተር ያትሙታል፤ ጥጧ ግን አሁንም አልተቀየረችም።

አንድ ነገር ብዙ ሰው አያውቅም። መንጋጋ ሲንቀሳቀስ የጆሮ ቀዳዳ ቅርጹን ይቀይራል። ጣታችሁን አስገብታችሁ አፋችሁን ክፈቱና ዝጉ፣ ይሰማችኋል። አፍ ተዘግቶ ቅርጽ ከተወሰደ ስታወራ ወይም ስትበላ ክፍተት ይፈጠራል። ለዚህ ነው ለማዳመጫ ሲሆን ብዙ ጊዜ አንድ ነገር አስነክሰው አፍህን አስከፍተው የሚወስዱት። ይህን ያልጠየቀህ ሰው ጋ ብርህን አትስጥ።

የጆሮ ልክ ሥራ ያደገው በሙዚቃ አይደለም፣ መስማት በተሳናቸው ሰዎች ነው። የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ የመስሚያ መርጃዎች እንደ ስልክ እጀታ በእጅ ተይዘው ጆሮ ላይ የሚደገኑ ነበሩ። በ1920ዎቹ የድምፅ ማውጫው ወደ አዝራር መጠን ሲያንስ ጆሮ ላይ የሚያቆመው ነገር አስፈለገ፤ በጀሶ ቅርጽ እየወሰዱ በጠንካራ ጎማ መሥራት ተጀመረ። ጀሶ ጆሮ ውስጥ! እኔ ሳስበው ይዘገንነኛል። በኋላ አክሪሊክ መጣ፣ ያው ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚተከልበት ሮዝማ ድድ የሚሠራበት ነገር ነው፤ ከጥርስ ሐኪም ቤት ወደ ጆሮ ተሻገረ።

በእኛ አገር ይህን ነገር ከዘፋኝ ይልቅ የምታውቀው የመስሚያ መርጃ ያላት ልጅ ናት። የልጅ ጆሮ ያድጋል። ያሠራችው ነገር በወራት ውስጥ ይጠብባትና ይላላል፤ ሲላላ ድምፁ ሾልኮ ወጥቶ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል፣ መሣሪያው «ፊ...» እያለ ያፏጫል። ልጅቱም አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። ክፍል ውስጥ የሚያፏጭ መሣሪያ የሰማችሁ መምህራን፣ እባካችሁ አትቆጡ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የልኩ ነው፣ ወላጅ ቅርጹን እንዲያስለውጥ ንገሩ።

አሁን ወደ ድምፁ። ለምንድነው ልክ መሆኑ ይህን ያህል የሚለውጠው?

ለግድብ ሰፈር ሰው በግድብ ላስረዳ። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋይ የተጣለለት ዋናው ግድብ 145 ሜትር ከፍታና ወደ 1.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት በልቷል። ግን እሱ ብቻውን ውሃውን አይዝም። በጎን በኩል መሬቱ ዝቅ የሚልበት ቦታ ስላለ ውሃው ከፍ ሲል በዚያ ይሄዳል። ስለዚህ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ወደ 50 ሜትር ከፍ የሚል የኮርቻ ግድብ ተሠራ። ያ ባይኖር 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚባለው ሐይቅ ባልተጠራቀመ ነበር። ውሃ የግድብህን ጥሩ ጎን አይፈልግም፣ ዝቅ ያለውን ነው የሚፈልገው።

ጆሮም እንዲሁ ነው። ኤርፎንህ ምንም ያህል ውድ ይሁን፣ በጎማውና በቆዳህ መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ካለ ወፍራሙ ድምፅ በዚያ ይወጣል። ቤዝ፣ ከበሮ፣ የክራር ወፍራም ክር መጀመሪያ ይጠፋሉ። የሚቀርልህ ቀጭኑና ጩኸታሙ ነው። ሰው «ኤርፎኑ ቤዝ የለውም» ይላል፤ ብዙ ጊዜ ቤዙ ሾልኮበት ነው። በልክ የተሠራ ጫፍ ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው፦ ክፍተቱን ይዘጋል፣ ሁልጊዜም በአንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ስለዚህ ዛሬ የሰማኸውን ነገም እንደዚያው ትሰማዋለህ።

መዝጋት ብቻ ግን አይደለም። ድምፁ የሚያልፍባት ቱቦ ርዝመትና ስፋትም ይቆጠራል። ወደ ጫፏ እየሰፋች የምትሄድ ቱቦ ቀጭን ድምፆችን ታጎላለች፤ የመስሚያ መርጃ ሠሪዎች ይህን በጣም ተጠቅመውበታል። አሶሳ ላለ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ የበርታዎቹን ዙምባራ አይቶ ያደገ ሰው መለከት ጫፉ ለምን እንደሚሰፋ ማስረጃ አይፈልግም። ቱቦዋ ጠባብና ረጅም ሆና ከተሠራች ደግሞ ውድ ኤርፎን ታፍኖ ይወጣል። ያሠሩ ሰዎች «ከበፊቱ ባሰብኝ» ሲሉ የምትሰሙት አንዳንዴ ለዚህ ነው።

ሙዚቀኞች ዘግይተው ነው የገቡበት። አሜሪካዊው ሚድ ኪሊየን፣ የመስሚያ መርጃ ሳይንስ ሰው፣ በ1983 ኢቲሞቲክ ሪሰርች የሚባል ድርጅት አቋቋመ። በ1988 በጆሮ ልክ በተሠራ ጫፍ ላይ የምትሰካ፣ ድምፁን ሳታበላሽ በ15 ዴሲቤል ያህል እኩል የምትቀንስ ማጣሪያ ለሙዚቀኞች ወጣች፤ በ1991 ደግሞ ጆሮ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ የሙዚቃ ማዳመጫ መጣ። በ1995 የቫን ሄለን ባንድ የድምፅ ባለሙያ ጄሪ ሃርቪ ለከበሮ መቺው አሌክስ ቫን ሄለን በጆሮው ልክ ማዳመጫ ሠራለት፣ ከዚያም አልቲሜት ኢርስ የሚባለው ኩባንያ ተወለደ። ምክንያቱ ቅንጦት አልነበረም። መድረክ ላይ ያለው ጩኸት ከባድ ነው፤ ከበሮ መቺው የራሱን ባንድ ለመስማት ስፒከሩን ያስጮኸዋል፣ ጊታሪስቱም የእሱን ይጨምራል፣ ሁሉም እየጮኸ ይሄዳል። ጆሮ ሲዘጋ ግን በትንሽ ድምፅ ይሰማል።

ጉዳት አለው ታዲያ። በዙምባራ ቡድን ውስጥ አንድ ሰው የሚነፋው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ ዜማው የሚወጣው ከጎኑ ያሉትን እየሰማ ተራውን ሲጠብቅ ነው። ለእነሱ ጆሮ ድፈኑ ብትሏቸው ጨዋታው አለቀ። ዘመናዊዎቹ ሙዚቀኞችም ይህን ያማርራሉ፣ ከሕዝቡ ተለየን ይላሉ።

ወደ ልጄ ጥያቄ ልመለስ፣ ምክንያቱም እሱ የሚሠራው መድረክ ላይ አይደለም። ድንጋይ መፍጫ፣ መሰርሰሪያ፣ ጀነሬተር አጠገብ 85 ዴሲቤል ማለፍ ቀላል ነው። የሙያ ጤና ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት ስሌት 85 ላይ 8 ሰዓት ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4፣ 91 ላይ 2፣ 94 ላይ 1 ሰዓት። ውስጠኛው ጆሯችን ይዞ የሚወለደው የመስሚያ ህዋስ ወደ 15 ሺህ ነው፤ የሞተው በሰው ላይ ተመልሶ አይበቅልም። እንግዲህ የላላ ጎማ ያለው ኤርፎን ሰክቶ እዚያ የሚሠራ ልጅ አስቡት። የማሽኑ ጩኸት በክፍተቱ ይገባል፣ ቤዙ በክፍተቱ ይወጣል፣ እሱም ቮሊውሙን ከማሽኑ በላይ ያደርገዋል። ሁለት ጩኸት በአንድ ጆሮ።

ስለዚህ መልሴ፦ አዎ፣ ድምፁ ይለያል፣ በደንብ ከተሠራ። ለዘፈን ብቻ ከሆነ ግን መጀመሪያ የተለያዩ ጎማዎችንና የስፖንጅ ጫፎችን ሞክር። በደንብ የገባ ስፖንጅ ድምፅ በመዝጋት ከውዱ አያንስም፣ አንዳንዴም ይበልጠዋል፤ የውዱ ብልጫ ቀኑን ሙሉ ሳያሳምም መቀመጡና በገባ ቁጥር እኩል መግጠሙ ነው። ሥራ ቦታ ላይ ግን ኤርፎን ይቅር። ሪቨርስ የሚያደርግ መኪናና «ዞር በል!» የሚል ጓደኛ መሰማት አለበት። እዚያ የሚያስፈልግህ ሙዚቃ የሌለበት መከላከያ ነው፣ እሱም በጆሮ ልክ ይሠራል፤ ከሌለ ተራዋ ስፖንጅ ትበቃለች።

ስፖንጇን በጣትህ አጥብቀህ አድበልብላት። በሌላኛው እጅህ በጭንቅላትህ ላይ ተሻግረህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ፣ አስገባት፣ እስክታብጥ 30 ሰከንድ ያህል ያዛት። ከዚያ ማሽኑ እየሠራ ሁለቱንም ጆሮ በመዳፍህ ክደን፤ ጩኸቱ በጣም ከቀነሰ ስፖንጇ አልገባችም ማለት ነው፣ አውጥተህ እንደገና አስገባት።