የጠጅ ቤት ሥርዐትና የቢራ ውል

ከደምበጫ ተነሥቶ ወደ ቡሬ በሚያመራው አውራ ጎዳና ላይ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላምና ማንኩሳ ተከታትለው ይገኛሉ። በእነዚህ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉት የገበያ መንደሮች ከጥንት የቆየ አንድ ልማድ አለ። በጠጅ ቤት ውስጥ ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ያንኑ ስንኝ በዜማ መልሶ ያሰማል። ስንኙ ውዳሴ ሊሆን ይችላል፤ ሰምና ወርቅ ለብሶ የጎረቤትን ንፉግነት ወይም የሹምን ግፍ የሚነካም ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ የተነካው ሰው ራሱ ከማዕዘኑ ተቀምጦ ብርሌውን ጨብጦ ይገኛል።

እንዲህ ያለው ሰው ዱላውን ይዞ ሲነሣ ልማዱ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ግጥሙ የማን ነው?» ብሎ ነው። አዝማሪው ድምፁን አዋሰ እንጂ ቃሉ የእርሱ አይደለምና ተጠያቂው ሰጪው ነው። ኮማሪቷ ግን በሁለት በኩል ትጨነቃለች። አዝማሪውን ብታባርር የቤቷ ድምቀት ይጠፋል፤ ጠቡን ችላ ብትል ብርሌው ይሰበራል፣ ገበያዋም ይበተናል። ስለዚህ ብልህ የሆነችው የተቆጣውን አስቀምጣ በተራው ግጥም እንዲሰጥ ትጋብዘዋለች። አዝማሪው ያንንም ይቀበላል። ቤቱም ሳይዘጋ ያመሻል።

በዘመናዊ አቋሙ ትርኢት የሚያቀርብ፣ መጽሐፍ የሚያሳትም፣ ወይም በገንዘቡ ዘፋኝን የሚደግፍ ድርጅት ከዚህች ኮማሪት የሚለየው በካፒታሉ መጠን ነው እንጂ በጭንቀቱ ዓይነት አይደለም። አከራካሪ በሆነ ሥራ ምክንያት ዛቻ ሲመጣበት እጁን መስጠት ይገባዋል ወይስ አይገባውም? ጥያቄው በአገራችን ብዙ ጊዜ ተነሥቶ ብዙ ዓይነት መልስ አግኝቷል።

በቅድሚያ ዛቻና ዛቻ አንድ አለመሆኑን መለየት ያስፈልጋል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ የፋሺስቱ አስተዳደር አዝማሪዎችን፣ ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን ለይቶ እንዲያዙና እንዲገደሉ ማድረጉ የታወቀ ነው። ወራሪው የማሲንቆን ኃይል ከብዙ የአገር ሰዎች በተሻለ ተረድቶት ነበር ማለት ይቻላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዝም ያለውን ሰው ዛሬ በምቾት ተቀምጦ መውቀስ አይገባም። በመሣሪያ አፈ ሙዝ ፊት የቆመና የሽያጭ መቀነስን የፈራ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ለዚህ መለያ የሚሆን መስፈርት መሐንዲሶች በየውላቸው ከሚያነቡት ሕግ ውስጥ ይገኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1792 እና በተከታዮቹ አንቀጾች «ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል» ምን እንደሆነ ያስረዳል። አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና ግዴታን ከመፈጸም ፈጽሞ የሚከለክል ሁኔታ ነው። የመንግሥት ክልከላ፣ ጦርነትና የተፈጥሮ መቅሠፍት ከዚህ ይቈጠራሉ። የዕቃ ዋጋ መናር ግን አይቈጠርም። ሲሚንቶ ተወደደብኝ ብሎ ድልድዩን በአጋማሽ ትቶ የሚሄድ ተቋራጭ በዚህ አንቀጽ ሊጠለል እንደማይችል የማኅበሩ አባላት ያውቁታል። ሕጉ ለሥነ ጽሑፍና ለዘፈን ተብሎ አልተጻፈም፤ ሆኖም በዚህ ጉዳይ ላይ ጥሩ ገመድ ሆኖ ያገለግላል።

በዚህ ገመድ የሁለት የጎጃም ተወላጆችን ዕጣ መለካት ይቻላል። የአቸፈሩ አቤ ጉበኛ «አልወለድም»ን በ1955 ዓ.ም. አወጣ። መጽሐፉ ገና ከመሰራጨቱ ታገደ። መጽሐፉን ይሸጡ የነበሩት ነጋዴዎች ከመደርደሪያቸው ላይ ቢያነሡት ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ገጥሟቸዋልና የሚወቀሱ አይደሉም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። የበዛብህ የትውልድ ቦታ ከላይ በስም የተጠቀሰችው ማንኩሳ ናት። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ጉዱ ካሣ የባላባቱን ሥርዐት ይነቅፋል፤ የፊታውራሪ መሸሻ ባላገሮችም ከልማድ ውጭ በተጨመረባቸው ግብር ምክንያት ያምፃሉ። መጽሐፉ ግን አልታገደም፤ በገበያ ላይ ዋለ።

ነገሩን እንግዳ የሚያደርገው የሚከተለው ነው። በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም ዳሞትን፣ ሞጣንና ቢቸናን ጨምሮ በብዙ የጎጃም አውራጃዎች ገበሬው በእውን ተነሣ። የባላገርን ዐመፅ የተረከው መጽሐፍ በዚያን ጊዜ ከታተመ ሁለት ዓመት አልፎታል። የታገደው ግን ገና ከእናቱ ማሕፀን ሆኖ መወለድን እምቢ ያለው ሕፃን የሚገኝበት የምናብ ድርሰት ነው። ገበሬውን ያስነሣው የመሬት መለካትና የግብር ሥጋት እንጂ ልብ ወለድ አልነበረም። የሚያግዱም የሚዝቱም ሰዎች የሚፈሩት ቃል ከቁጣው መነሻ ጋር ብዙ ጊዜ አይገናኝም። «አልወለድም»ም ቢሆን ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ እንደገና ታትሞ ወጥቷል።

በሙዚቃው በኩል ለዛቻ ያልተንበረከከ ነጋዴ ቢፈለግ አምኃ እሸቴ ይገኛል። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት ብቸኛ መብት በዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ተሰጥቶ ሳለ፣ አምኃ በ1961 ዓ.ም. ግድም የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀድቶ ሸክላውን በሕንድ አገር አሳተመ። እንደሚጠየቅበት ቢነገረውም ሥራውን ቀጠለ። የፈራው ቅጣትም አልደረሰበትም፤ ከእርሱ በኋላ ፊሊፕስና ካይፋ በዚያው በር ገቡ። አምኃ አገር ጥሎ እስከ ወጣበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ አንድ መቶ ያህል ነጠላ ሸክላዎችን አውጥቷል። እርግጥ ነው፣ የእርሱ ክርክር በገበያ መብት ላይ እንጂ በግጥም ይዘት ላይ አልነበረም። ሆኖም ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እየተባለ የሚወደሰው ሙዚቃ በከፊል ከአንድ ሰው እምቢታ የተገኘ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ታሪክ እጅግ የከበደ ነው። አሳታሚው ኩራዝ የመንግሥት ድርጅት ስለ ነበር እምቢ የማለት ዐቅም አልነበረውም። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥልጣኑ ተሻረ፤ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። የተሰበሰበው መጽሐፍ ግን በስውር ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ በግልጽ ታተመ፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር ይነበባል።

እስከዚህ የተቈጠሩት ሁሉ በመንግሥት ጫና የመጡ ናቸው። በ2006 ዓ.ም. የተነሣው ጉዳይ ግን ከሕዝብ የመጣ ስለ ሆነ፣ ለዘመናችን ድርጅቶች ይበልጥ የሚቀርበው እርሱ ነው።

የኔዘርላንዱ ሃይነከን በ2003 ዓ.ም. የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች ከመንግሥት በ163 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገዛ። ከሁለት ዓመት በኋላ የበደሌ ቢራ የቴዎድሮስ ካሣሁንን፣ በዝናው ስም የቴዲ አፍሮን፣ «የፍቅር ጉዞ» የተባለ የሙዚቃ ዝግጅት ለመደገፍ ተዋዋለ። ጊዜው ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ያረፉበት መቶኛ ዓመት የሚታሰብበት ነበር። ዘፋኙ ለአንድ መጽሔት ከሰጠው ቃለ መጠይቅ ወጣ የተባለ፣ የንጉሠ ነገሥቱን የደቡብ ዘመቻ «ቅዱስ ጦርነት» የሚል ዐረፍተ ነገር በኢንተርኔት ተሠራጨ። ዘፋኙም መጽሔቱም እንዲህ ያለ ቃል እንዳልተነገረ አስታወቁ። ይሁን እንጂ የበደሌን ቢራ ላለመጠጣት የተጠራው ዘመቻ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ሺህ ፊርማ አሰባሰበ፤ በታኅሣሥ ወር መጨረሻም ድርጅቱ ድጋፉን ማቋረጡን አስታወቀ።

እዚህ ላይ ፍርድ ሲሰጥ ለሁሉም ወገን ተገቢውን መስጠት ያስፈልጋል። ፊርማውን ያኖሩት ብዙዎቹ ከአያቶቻቸው የሰሙት የዘመቻው ዘመን ሥቃይ ያለባቸው የኦሮሞ ተወላጆች ናቸው። ያ ትዝታ በአንድ መጽሔት የተፈጠረ አይደለም። የማይወዱትን ቢራ አለመግዛትም የገዢ መብት ነው፤ እንዲያውም ከመዛቻ ዓይነቶች ሁሉ ጨዋው ይኸው ነው። ጠርሙሱን ሳይነኩ ማለፍና ጠርሙሱን በሰው ራስ ላይ መስበር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ዘመቻውን ከፋሺስቱ ትእዛዝ ወይም ከሳንሱር ጋር በአንድ ረድፍ ማሰለፍ ስሕተት ነው።

የድርጅቱ ጥፋት ሌላ ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ዘፋኙ ለታሪክ ነገሥታት ያለው አመለካከት ከውሉ በፊትም በአደባባይ የታወቀ ነበር። ቀድሞ ያልተገመተ ነገር አልነበረም። ፋብሪካው የቆመው በዚያን ጊዜ በኢሉባቦር ሥር በነበረ አካባቢ፣ በኦሮሞ ሕዝብ መካከል ነው፤ የቢራው ስምም የከተማዋ ስም ነው። መሠረት ሳያስቈፍር፣ አፈሩን ሳያስመረምር ሕንፃ የሚያቆም ባለቤት ግድግዳው ሲሰነጠቅ መሬቱን ሊከስ አይችልም። ሁለተኛውና ዋናው ግን፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ጠጅ ቤት በመጀመሪያ የሚጠየቀውን ጥያቄ አስቀድሞ የውሳኔው መሠረት አለማድረጉ ነው። ግጥሙ የማን ነው? ቃሉ ተነግሯል ወይስ አልተነገረም? ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ድርጅቱ «ይህን ቃል አንቀበልም» ብሎ በግልጽ ለመለየት ይችል ነበር። አልተነገረም ከተባለም የተባለውን ለሕዝብ አስረድቶ በውሉ ለመጽናት ይችል ነበር። መንገዱ ጠባብ ነው፤ የለም ግን አይባልም።

ድርጅቱ ያደረገው የተቆጣውን ወገን ማስደሰት ነው ቢባል እንኳ ያ ደስታ ለትዝታው መልስ አልሆነም። ስለ ምኒልክ ዘመን የሚደረገው ክርክር ከዚያ በኋላ ይበልጥ ጋለ። የዘፋኙ ወዳጆች በበኩላቸው በድርጅቱ ላይ ተቆጡ። አዝማሪውን ያባረረች ኮማሪት ከግራም ከቀኝም ደንበኛ እንደምታጣ ሁሉ፣ ቢራው በአንድ ወር ውስጥ ከሁለቱም ወገን ወቀሳ ተቀበለ። ለተቆጣው ሰው ተራ የመስጠት ዘዴም አልታሰበም። የኦሮምኛ ዘፋኞችን በዚያው መድረክ አሰልፎ ክርክሩን በዜማ ማካሄድ ይቻል ነበር። እንዲህ ያለው ዝግጅት ጠብ ባያበርድ እንኳ የአንድ ዐረፍተ ነገር እስረኛ አይሆንም።

ዘፋኙ በበኩሉ ያለ ቢራው ቀጠለ። በ2009 ዓ.ም. ያወጣው «ኢትዮጵያ» የተሰኘ አልበም በአሜሪካው የቢልቦርድ መጽሔት የዓለም አልበሞች ሠንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆነ። የአልበሙን ምረቃ ነሐሴ 28 ቀን በሂልተን ሆቴል ሊያካሂድ ሲል ፖሊስ ከለከለው፤ ይህ እንግዲህ በቁጥር 1792 የሚመደብ ዓይነት ክልከላ ነው። በጥር 2010 ዓ.ም. ግን በባሕር ዳር ስታዲየም በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ዘፈነ።