ራቁት መታጠብ ከመቼ ጀምሮ ነው ነውር የሆነው?

ወይጦ ተቀምጦ ስለ ፍል ውሃ መጻፍ ያስቃል። እዚህ ቀትር ላይ በጀሪካን ያስቀመጥከው ውሃ ራሱ ፍል ውሃ ነው። ግን ሰሞኑን የአዲስ አበባን አመሠራረት ሳስተምር አንድ የፀማይ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ያኔ ፍል ውሃ የወረዱት ሰዎች ራቁታቸውን ነበር የሚታጠቡት?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ጥያቄውን ወደድኩት፤ ለምን እንደጠየቀም ገብቶኛል።

ምኒልክ እንጦጦ ላይ የከተሙት ቦታው ለመከላከል ስለሚመች ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ማገዶውም እያደር እየራቀ ሄደ። ከተራራው ሥር፣ ኦሮሞዎቹ ፊንፊኔ በሚሉት ሜዳ ላይ ደግሞ ውሃ እየፈላ ይወጣል። መኳንንቱ ድንኳናቸውን ይዘው ይወርዱና ይታጠባሉ፣ ቁርጥማት ያለበት ይነከራል። በ1879 ዓ.ም ምኒልክ ወደ ሐረር ሲዘምቱ እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። እንግዲህ ዋና ከተማችን ዛሬ ያለችበት ቦታ ላይ እንድትቆረቆር አንዱ ትልቅ ምክንያት ገላ መታጠብ ነው! ውሃው ግን ባለቤት አልነበረውም ማለት አይደለም። የጉለሌ ኦሮሞ ከብቱን የሚያጠጣበት ሆራ ነበር። ከተማዋ ስትሰፋ እሱ ከነከብቱ ተገፋ። ይህን ሳልነግራቸው ብሻገር ትምህርቱ ጎደሎ ነው።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ደገኛው ራቁቱን አይታጠብም የሚል ካለ ጠበል ሄዶ ይይ። ወንዱ ለብቻ፣ ሴቷ ለብቻ ልብሱን አውልቆ ነው የሚጠመቀው። ማንም ነውር አይለውም፤ ሥርዓት አለውና። ዛሬ አዲስ አበባ ፍል ውሃ ብትሄዱ ቲኬት ቆርጣችሁ፣ ክፍል ገብታችሁ፣ በር ቆልፋችሁ ነው የምትታጠቡት። በር ሲመጣ እርቃን የግል ጉዳይ ሆነ።

በረሃ ላይ ያለውን ማየት የፈለገ አዋሽ ፓርክ ይሂድ። ሰሜኑ ጫፍ ላይ ዘንባባ የከበበው፣ ጥርት ያለ ፍል ውሃ አለ። አፋርና ከረዩ አርብቶ አደሮች ፓርኩ በ1958 ዓ.ም ከመቋቋሙ በፊትም ያውቁታል። ከረዩዎች በፓርኩና በመተሐራ ስኳር ምክንያት ሰፊ የግጦሽ መሬት አጥተዋል። የውሃው ምንጭ አንድ ነው፦ ዝናቡ በስንጥቅ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ከሥር ያለው ትኩስ ዓለት ያሞቀዋል፣ በስንጥቁ ተመልሶ ይወጣል። የኛ ወይጦ ወንዝ የሚወርድበት ጨው ባሕርም የዚሁ ስምጥ ሸለቆ ክፍል ነው።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳሊን ቫሊ የሚባል በረሃ አለ፤ በ1994 እ.ኤ.አ. የዴዝ ቫሊ ብሔራዊ ፓርክ አካል ሆኗል። ሰዎች በኮረኮንች መንገድ ለሰዓታት ነድተው ይሄዱና ፍል ውሃው ውስጥ ራቁታቸውን ይቀመጣሉ። መልበስም አለመልበስም ምርጫ ነው። የቲምቢሻ ሾሾኒ ሕዝብ የአባቶቹ ምድር ነው። ጃፓኖችማ ወንድና ሴት አብረው መታጠብ ልማዳቸው ነበር። መንግሥታቸው በ1872 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ የከለከለው አንዱ ምክንያት ፈረንጅ «ኋላ ቀር» እንዳይላቸው ብሎ ነው።

እና የፈረንጁ ልጅ በረሃ ወርዶ ልብሱን ሲያወልቅ «ነፃነት» ይባላል። የተማሪዬ እናት የፍየል ቆዳዋን ለብሳ ገበያ ስትወጣ ግን «ኋላ ቀር» ይሏታል፣ ፎቶ ያነሷታል፣ ብር ይወረውሩላታል። ይህን የሚለው ፈረንጅ ብቻ አይደለም፤ ከደጋ የመጣነው መምህራንም እንለዋለን፣ ስታፍ ሩም ውስጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ልጁ ዩኒፎርም ለብሶ መንገድ ላይ እናቱን ሲያገኛት አንገቱን ይደፋል። የልጁ ጥያቄ ከዚህ ነው የመጣው።

እኔ በኖርኩባቸው ዓመታት ወይጦ ወንዝ ላይ ሰው ሲታጠብ የአገሬው መንገደኛ ፊቱን አዙሮ ሲያልፍ ነው ያየሁት። ግንብ የለም፣ መጋረጃ የለም፤ በሩ የሰው ዓይን ነው። ጂንካና ቱርሚ የምትመላለሱ አስጎብኚ ጓደኞቼ፣ ድልድዩ ጋ ሰው ሲታጠብ ካያችሁ መኪናውን አታቁሙ። «አንድ ፎቶ ብቻ» ቢሏችሁም አታቁሙ።