በጥርስ ሕክምና ክፍል ለሚያጋጥም ድንገተኛ ሕመም የረዳቶች ዝግጅት

ይህ ዝግጅት የጥርስ ሐኪም ረዳቶች በታካሚው ላይ የሚታየውን የአደጋ ምልክት ቀድመው እንዲለዩና የመጀመሪያ ርዳታ እንዲሰጡ የሚያበቃ ሥልጠና ነው። በአርሲ ዞን ሎዴ ሄጦሳ ወረዳ በምትገኘው ሁሩታና መሰል ከተሞች፣ ከፍ ያለ ሕክምና የሚሻ ሰው ወደ አሰላ ሪፈራል ሆስፒታል እስኪላክ ያሉት ደቂቃዎች በክፍሉ ሠራተኞች እጅ ላይ ናቸው። በክፍሉ ከሚያጋጥሙት ድንገተኛ ሕመሞች ሁሉ የሚበዛው ራስን መሳት ሲሆን፣ ይህም በፍርሃት ወይም በሕመም የደም ግፊት ድንገት ወርዶ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲያንስ የሚከሰት በመሆኑ፣ ረዳቱ ወንበሩን አስተኝቶ የታካሚውን እግር ከፍ ያደርጋል። የስኳር መድኃኒት ወስዶ ሳይበላ የመጣ ታካሚ፣ በተለይ በዐቢይ ጾምና በረመዳን ወራት፣ የደም ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል፣ ከማደንዘዣው መርፌ በፊት ምግብ መቅመሱን መጠየቅ ከየትኛውም መሣሪያ የሚቀድም ጥንቃቄ ነው፤ ነቅቶ መዋጥ ለሚችል ሰው ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይሰጠዋል። አናፊላክሲስ የተባለው ብርቱ አለርጂ ግን የአየር መተላለፊያን ስለሚያጠብና የደም ግፊትን ስለሚጥል ጊዜ አይሰጥም፤ ረዳቱ አድሬናሊን የተባለውን መድኃኒት ፈጥኖ ሲያቀብል ባለሙያው ለዐዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም በጭን ጡንቻ ይወጋል። የልብ ምቱ የቆመ ዐዋቂ ደረቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይጫናል፤ ይህ ክህሎት ካልተደጋገመ ቶሎ ስለሚጠፋ በየጥቂት ወራቱ ልምምድ ይደረጋል፣ ማን አምቡላንስ እንደሚጠራና ማን ኦክስጅን እንደሚያመጣም አስቀድሞ ይወሰናል።