ስለ ሞተር ጀልባ ታሪክና ስለ ክረምት አቀማመጡ



ስለ ታላላቅ ፈጠራዎች የተጻፈውን ታሪክ ስንመለከት አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው የፈጣሪውን ስምና ፈጠራው የተገኘበትን ዘመን ነው። ያ ዕቃ ከተፈጠረ በኋላ ማን ጠበቀው፤ ሥራ በማይሠራበት ወራትስ በምን ዘዴ ከጥፋት ዳነ የሚለውን ጥያቄ ግን ታሪክ ጸሓፊዎች ብዙ አያነሡትም። በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው ይህን የተዘነጋ ወገን ነው። ለምሳሌነት የመረጥነው የሞተር ጀልባን ሲሆን፤ ምክንያቱም ይህ መኪና ከሥራው ይልቅ ዕረፍቱ የሚያስፈራው በመሆኑ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ በአንድ ቃል ላይ መግባባት ያስፈልገናል። እኛ ክረምት ስንል ዝናሙን፣ ጭቃውንና የወንዞችን መሙላት እናስባለን። በሰሜን አሜሪካና በሰሜን ኤውሮፓ አገሮች ግን ክረምት ማለት ውሃው ራሱ እንደ ድንጋይ የሚጠጥርበት ወራት ነው። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት፤ በማዲሰን ከተማ አጠገብ የሚገኘው የሜንዶታ ሐይቅ በየዓመቱ መቼ እንደ ረጋና መቼ እንደ ተፈታ ከ1850ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ተመዝግቦ ይገኛል፤ በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በመዝገቡ መጀመሪያ ዘመን የሐይቁ በረዶ በአማካይ አራት ወር ያህል ይቆይ ነበር። የዓለም አየር እየሞቀ በመሄዱ ይህ ጊዜ ዛሬ በብዙ ሳምንታት አጥሯል። ይሁን እንጂ በነዚያ ወራት አሁንም ሰው በሐይቁ ላይ በእግሩ ይሄድበታል፤ ጀልባ ግን አይሄድበትም።

ስለዚህ መርከብን በክረምት አሳርፎ የማስቀመጥ ልማድ ከቤንዚን ሞተር በፊት የነበረ ነው። በአሜሪካና በካናዳ መካከል በሚገኙት በታላላቆቹ ሐይቆች ላይ የሚመላለሱት የእንፋሎት መርከቦች ውርጩ ሲበረታ ወደብ ገብተው ይቆማሉ፤ ከማሞቂያ ጋኖቻቸውና ከቧንቧዎቻቸውም ውሃው ይፈስስ ነበር። በ1855 የተከፈተው የሱ ሴንት ማሪ የመርከብ መተላለፊያ ዛሬም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከጥር 7 ቀን እስከ መጋቢት 16 ቀን ገደማ ይዘጋል። መካኒኮቹ ይህን ጊዜ ሲጠግኑና ሲያድሱ ያሳልፉታል። ለነርሱ ክረምት የሥራ ማቆሚያ ብቻ ሳይሆን የሌላ ሥራ መጀመሪያ ነው።

የቤንዚን ሞተር በጀልባ ላይ የታየው በ1886 ነው። ጀርመናውያኑ ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ በካንሽታት አጠገብ በኔካር ወንዝ ላይ አንዲት ትንሽ ጀልባ በሞተር አስኬዱ። እንደሚተረከው ሕዝቡ ቤንዚን ይፈነዳል ብሎ ይፈራ ስለ ነበር፤ ዳይምለር በጀልባዋ ዙሪያ ሽቦና የሸክላ ማያያዣ አድርጎ በኤሌክትሪክ የምትሄድ አስመስሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ በጀልባው ሆድ ውስጥ የሚተከል ሞተር እየተስፋፋ ሄደ። ነገር ግን ዋጋው ብዙ፣ ክብደቱም ከባድ በመሆኑ ዓሣ አጥማጁና መጠነኛ ገቢ ያለው ሰው በመቅዘፊያው እንደ ኖረ ቀረ።

ይህን ሁኔታ ከለወጡት ሰዎች አንዱ ኦሌ ኤቪንሩድ ነው። ኦሌ በ1877 በኖርዌይ ተወልዶ በአምስት ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ ዊስኮንሲን ተሰደደ። በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ወደ ማዲሰን ከተማ ሄዶ በመኪና መሥሪያ ቤቶች ተቀጠረ። ብዙ ጊዜ የሚነገርለት ታሪክ የሚከተለው ነው። በ1906 በጋ ኦካቺ በሚባለው ሐይቅ ዳር ከእጮኛው ከቤስ ኬሪ ጋር ሳለ እርስዋ አይስክሬም አማራት፤ እርሱም እየቀዘፈ ከማዶ ገዝቶ ሲመለስ አይስክሬሙ ቀልጦ ደረሰ። ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠል ትንሽ ሞተር የመሥራት አሳብ የመጣለት በዚህ ምክንያት ነው ይባላል።

በእርግጥ በዚህ አሳብ የመጀመሪያው እርሱ አልነበረም። ካሜሮን ዋተርማን የተባለ የሕግ ተማሪ ከርሱ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ሞተር ሠርቶ በ1907 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ነገር ግን በ1909 ለገበያ የቀረበው የኤቪንሩድ ሞተር እጅግ ተወደደ። ጉልበቱ አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱ 28 ኪሎ ያህል፣ ዋጋው 62 ዶላር ነበር። ባል ሲሠራ ሚስት የንግዱን ደብዳቤና ማስታወቂያ ትጽፍ ስለ ነበር የድርጅቱ ዕድገት የሁለቱም ድካም ፍሬ ነው።

እንግዲህ የክረምቱ ችግር ወደ ተራው ሰው ቤት የገባው ከዚህ በኋላ ነው። የመርከብ ኩባንያ መካኒክ አለው፤ በሐይቅ ዳር የሚኖረው አናጢ ወይም አስተማሪ ግን ያለው ሁለት እጁ ብቻ ነው። ሞተሩም እንደ ቢስክሌት ታጥቦ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ዕቃ አይደለም። ሲሠራ የሚግለውን ብረት ለማቀዝቀዝ ከሐይቁ ውሃ እየሳበ በሲሊንደሩ ዙሪያ በተሠራ ጠባብ መተላለፊያ ያዞረዋል። ከዚያ ውሃ ጥቂቱ ውስጥ ከቀረ አደጋው በዚያ ይጀምራል።

አብዛኛው ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ውሃም እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግራድ ድረስ እንዲሁ ይኮማተራል፤ ከዚያ በታች ግን ጠባዩ ተለውጦ መስፋት ይጀምራል፤ በረዶ ሲሆንም መጠኑ በመቶ 9 ያህል ይጨምራል። በረዶ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው፣ ዓሣም ከበታቹ በሕይወት የሚከርመው በዚህ ምክንያት ነው። ዓሣውን የሚያድነው ይኸው ሕግ ሞተሩን ይገድላል። በተዘጋ ብረት ውስጥ የቀረ ውሃ የሚሰፋበት ቦታ ሲያጣ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁም እንደ ፀጉር የቀጠነ ሊሆን ስለሚችል ባለቤቱ የሚያውቀው ፀደይ ሲመጣ ሞተሩን አስነሥቶ ውሃና ዘይት ተቀላቅለው ሲያይ ነው። አባቶቻችን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ስለ ወንዝ ቢሆንም፤ በሞተር ውስጥ ስለ ተረሳው ጥቂት ውሃም ሊነገር ይችላል።

ለዚህ መከላከያ የሚሆን ፈሳሽ ፍለጋም የራሱ ታሪክ አለው። በአውቶሞቢል የመጀመሪያ ዘመን አልኮልና ግሊሰሪን ከውሃ ጋር ይቀላቀሉ ነበር። አልኮሉ ግን ሞተሩ ሲግል ተንኖ ያልቃል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሻርል አዶልፍ ቩርትስ በ1850ዎቹ ያገኘው ኤቲሊን ግላይኮል የሚባለው ፈሳሽ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1920ዎቹ ዓመታት፣ ለዚህ ሥራ በገበያ ዋለ። ከውሃ ጋር እኩል ሲቀላቀል ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ያህል አይረጋም። ሆኖም መርዝ ነው፤ ጣዕሙም ጣፋጭ ስለ ሆነ ሕፃናትንና የቤት እንስሳትን ያታልላል። ጀልባ ደግሞ በፀደይ ሲነሣ ውስጡ የከረመውን ፈሳሽ ወደ ሐይቁ ስለሚተፋው፤ ዛሬ ለጀልባ የሚመከረው ጉዳቱ እጅግ ያነሰው ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው።

አሁን ወደ ሥራው ቅደም ተከተል እንሂድ። የመጀመሪያው ጉዳይ ቤንዚኑ ነው። ለወራት የቆመ ቤንዚን ይበላሻል፤ የሚተንነው ተንኖ የቀረው እንደ ሙጫ ሆኖ የካርቡራቶሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ኤታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ቤንዚኑን ከመበላሸት የሚያዘገይ መድኃኒት ይጨመርበትና መድኃኒቱ እስከ ካርቡራቶሩ እንዲደርስ ሞተሩ ለዐሥር ደቂቃ ያህል ይሠራል። ይህ የሚደረገው በየብስ ላይ ከሆነ በጎማ ቧንቧ ንጹሕ ውሃ ሳይቋረጥ ሊሰጠው ይገባል፤ ያለ ውሃ ከሠራ የፓምፑ የጎማ ክንፍ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። ቤንዚን ባለበት ሁሉ እሳት ማራቅና በር መክፈትም እንዳይረሳ።

ሁለተኛው የሲሊንደሩ ውስጥ ነው። ቤንዚን ሲነድ እርጥበትና አሲድ ይተዋል፤ ይህም በክረምቱ ርዝመት ብረቱን ያዝገዋል። ስለዚህ ካንዴላዎቹ ተፈትተው በየቀዳዳው መከላከያ ዘይት ይረጫል፤ ዘይቱ እንዲዳረስ ሞተሩ በእጅ ጥቂት ዙር ይዞራል፤ ካንዴላዎቹም ይመለሳሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በባሕር ተጭነው ወደ ሩቅ አገር የሚላኩ ሞተሮችም ከዝገት የሚጠበቁት በተመሳሳይ ዘዴ ነበር።

ሦስተኛውና ዋናው ውሃውን ማፍሰስ ነው። ከኋላ የሚንጠለጠለው ሞተር ቀጥ ብሎ ከቆመ ውሃው በገዛ ራሱ ይወርዳል፤ አስተኝቶ ወይም አዘንብሎ ማስቀመጥ ግን አደገኛ ነው። በጀልባው ውስጥ የተተከለው ሞተር የውሃ ማፍሰሻ ብሎኖች አሉት። ብሎኑ ተፈትቶ ውሃ ካልወረደ ውሃ የለም ማለት አይደለም፤ ዝገትና አሸዋ ቀዳዳውን ደፍኖት ሊሆን ስለሚችል በቀጭን ሽቦ መጎርጎር ያስፈልጋል። ብዙ ሞተር የሚሰነጠቀው በዚህች ትንሽ ቀዳዳ ቸልታ ነው።

አራተኛው የታችኛው የጥርስ ቤት ዘይት ነው። ዘይቱ ሲፈስ እንደ ወተት ነጥቶ ከታየ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ከፕሮፔለሩ በስተኋላ የተጠመጠመ የዓሣ ማጥመጃ ክር ብዙውን ጊዜ የዘይቱን መያዣ ጎማ ቆርጦ ውሃውን ያስገባል። ይህን መርምሮ ዘይቱን መለወጥ በበልግ እንጂ በፀደይ የሚደረግ አይደለም፤ እስከ ፀደይ ከቆየ የገባው ውሃ ረግቶ ቀፎውን ሊሰነጥቀው ይችላል።

በመጨረሻም ባትሪው ይፈታል። የተሞላ ባትሪ ብርቱውን ውርጭ ይቋቋማል፤ ባዶው ግን ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ሲሆን ይረጋል። ስለዚህ ሞልቶ ማስቀመጥና በየጊዜው መመርመር ይገባል። ሞተሩም አየር በሚያገኝበት ሽፋን ይከደናል፤ አየር የማያስገባ ላስቲክ እርጥበቱን ይዞ ያስቀራልና።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ የጽሕፈት ሥራ ይቀራል። የተፈታው ብሎን የቱ እንደ ሆነ፣ ምን ፈሳሽ እንደ ተጨመረ፣ በስንት ቀን እንደ ተሠራ በካርድ ላይ ጽፎ ከመሪው ጋር ማሰር ነው። በፀደይ ጀልባውን የሚያነሣው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የታችኛው መድፈኛ እንደ ተፈታ ሳያውቅ ወደ ውሃ ቢያወርደው ጀልባው ውሃ ሞልቶ ከነሰዎቹ ለአደጋ ይጋለጣል። የጽሕፈት ቤት ሰዎች የሆናችሁ አንባብያን ርክክብ ያለ ጽሑፍ ምን እንደሚያስከትል ሳትነገሩ ታውቁታላችሁ።

ኦሌ ኤቪንሩድ ስለ ሚስቱ ጤና ሲል በ1914 ድርሻውን ሸጦ ከንግዱ ወጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አሉሚኒየም የበዛበት ቀለል ያለ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ይዞ ተመለሰ። እርሱ በ1934 ዐረፈ። በስሙ የሚጠራው ሞተር በየጊዜው በሌሎች ድርጅቶች እጅ እየተላለፈ ሲሠራ ቆይቶ በ2020 መመረቱ ቆመ። ይሁን እንጂ በርሱ ዘመን ከተሠሩት ሞተሮች ዛሬም በሰብሳቢዎች እጅ ተነሥተው ውሃ የሚገፉ አሉ። ድርጅቱ ሳይኖር ሞተሩ የኖረው በየበልጉ ውሃውን ያፈሰሱለት፣ ዘይቱን የለወጡለት፣ ስማቸው በየትም ያልተጻፈ ሰዎች ስለ ነበሩት ነው።

በኛ አገር የጣና ሐይቅ አይረጋም፤ የአባያና የሐዋሳ ባለ ሞተርም ስለ በረዶ አይጨነቅም። ነገር ግን ዝገቱ፣ የቤንዚኑ ሙጫና ውሃ የገባበት ዘይት በረዶን አይጠብቁም። የጣና ታንኳ ቀዛፊ የደንገል ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ በዳር ካላቆመና ካላደረቀ እንደሚበሰብስበት ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ትምህርቱ አንድ ነው፤ ዕቃ በሚያርፍበት ጊዜ የሚያጠፋው ውስጡ የተረሳው እርጥበት ነው። ሥራው ጥቂት ስለ ተባለ በየግቢው ቁልፉ ተመልሶ እንዲሁ የሚቆም መኪና፣ የውሃ መሳቢያ ወይም የኤሌክትሪክ ሞተር ሁሉ ይህንኑ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለው፤ የአንድ ቀን ድካም የአንድን መኪና ዕድሜ ያረዝማል። አንድ ዕቃ ከሥራ ወጥቶ ሲቀመጥ መዝጋቱን ብቻ ሳይሆን በምን ሁኔታ እንደ ተዘጋ መጠየቅ ልማዳችን እንዲሆን እየተመኘን የዛሬውን ንግግራችንን በዚህ እንፈጽማለን።